ከባሕር ዳር ሆኖ ለርቀት ሠራተኛ የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ከሰዓት በኋላ ብትቀመጡ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ባሕር ማዶ ካለ አሠሪው ጋር የሚነጋገር ወጣት አታጡም። አንዱ ሶፍትዌር ይሠራል፣ አንዷ ሥዕላዊ ንድፍ ታዘጋጃለች፣ ሌላው ይተረጉማል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ፤ ለውጭ ድርጅት ሒሳብ እይዛለሁ። ለራሴም ለጓደኞቼም የቪዛ ፋይል ሳደራጅ ዓመታት ስለቆየሁ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኗል። መልሱን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። የገቢ መጠኖች በየጊዜው ስለሚከለሱ፣ ከማመልከታችሁ በፊት የምትሄዱበት አገር መንግሥት ያወጣውን መመሪያ ማየት የግድ ነው።

የርቀት ሠራተኛ ቪዛ የሚባለው ምንድን ነው? ከሥራ ቪዛ በምን ይለያል?

የሥራ ቪዛ የሚሰጠው የዚያ አገር ድርጅት ሲቀጥራችሁ ነው። ይህኛው ግን ተቃራኒው ነው፤ ገንዘባችሁ ከሌላ አገር እየመጣ፣ እናንተ እዚያ እየኖራችሁ እንድትሠሩ ይፈቅዳል። ከአገሬው ሰው የሥራ ቦታ አትወስዱም፣ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪያችሁን ግን እዚያ ታወጣላችሁ። አገሮቹ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ብዙዎች "ዲጂታል ኖማድ ቪዛ" ይሉታል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 ከጀመረች ወዲህ ክሮኤሺያ፣ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ግሪክ፣ ማልታ፣ ጣሊያንና ሌሎችም ተከትለዋል። ከአፍሪካ ሞሪሸስና ናሚቢያ አላቸው።

የጉብኝት ቪዛ ይዤ ሄጄ፣ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ብቀይረው አይሻልም?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደላላ አፍ የሰማው ነው። የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ለ90 ቀን ብቻ የሚያገለግል ነው። የረጅም ጊዜው ቪዛ ደግሞ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ የሚሰጠው ሌላ ቪዛ ነው። ስፔን በሕጋዊ መንገድ አገሯ የገባ ሰው እዚያው ሆኖ የርቀት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲጠይቅ ትፈቅዳለች፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የጉብኝት ቪዛውን ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ የማጣሪያው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ተደጋጋሚ መግቢያ ያለው ቪዛም እንዳይሰጥ ተወስኗል። በዚያ ላይ "ልጎበኝ ነው" ብሎ ፈርሞ ለመኖር መሄድ፣ ገና በሩ ላይ በሐሰት መጀመር ነው። እኔ አልመክርም። ለረጅም ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ለረጅም ጊዜ አመልክቱ።

ስንት ገቢ ይጠይቃሉ?

እዚህ ላይ ቁርጡን መስማት ይሻላል። ኢስቶኒያ በወር 4,500 ዩሮ ትጠይቃለች። ግሪክ 3,500 ዩሮ። ፖርቱጋል የአገሯን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ትጠይቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ዝቅተኛው ደመወዝ 870 ዩሮ ስለነበር የወር ገቢው 3,480 ዩሮ ይመጣ ነበር። ስፔን የዝቅተኛውን ደመወዝ ሁለት እጥፍ ስለምትጠይቅ ከእነዚህ ዝቅ ይላል። ማልታ በዓመት 42,000 ዩሮ ትፈልጋለች። ዱባይ በወር 3,500 ዶላር፣ ናሚቢያ 2,000 ዶላር፣ ሞሪሸስና ብራዚል 1,500 ዶላር ናቸው። ታይላንድ ደግሞ የምታየው ቁጠባን ነው፤ 500,000 ባት በባንክ ያለው ሰው ለ5 ዓመት የሚያገለግል፣ በእያንዳንዱ መግቢያ እስከ 180 ቀን የሚያስቆይ ቪዛ ማመልከት ይችላል።

ከእኛ ከተማ ለውጭ ድርጅት ከሚሠሩት ውስጥ የማውቃቸው አብዛኞቹ የአውሮፓውን መስፈርት አያሟሉም። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ወር ሙሉ 900 ዶላር የሚያገኝ ልጅ ለፖርቱጋል ፋይል ለማዘጋጀት ወላጆቹ መሬት እንዲሸጡ ሲጠይቅ ስላየሁ ነው። ገቢያችሁ መስፈርቱ ላይ ካልደረሰ የቪዛው ገንዘብ ሥራችሁን በማሳደግ ላይ ይዋል፤ ቪዛው የትም አይሄድም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ ለሁሉም ማመልከት እችላለሁ?

አይቻልም። አንዳንዶቹ ዜግነት ይመርጣሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 የጀመረችው የስድስት ወር ቪዛ ለተወሰኑ አገሮች ዜጎች ብቻ ነው፤ እኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለንም። ኬፕ ቨርዴም ለአውሮፓ፣ ለሰሜን አሜሪካ፣ ለምዕራብ አፍሪካ ማኅበረሰብና ለፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አገሮች ዜጎች ወስናዋለች። ስለዚህ የገቢውን መስፈርት ከማንበባችሁ በፊት የዜግነቱን አንብቡ፤ የብዙ ሳምንት ልፋት ያድናችኋል።

ገቢ አለኝ፣ ግን በባንክ አልመጣልኝም። ምን ላድርግ?

ከጥያቄዎች ሁሉ ይህ ይከብደኛል፤ ጎበዝ ሠራተኞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነውና።

ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዶላሩ አሜሪካ ባለ ዘመድ ሒሳብ ይገባል፤ ዘመድ እዚህ ላለ ሰው ይደውላል፤ ያ ሰው ብሩን በፌስታል ቋጥሮ ያደርሳል። የባንኩ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ በመንገድ የሚከፈለው ወደ እጥፍ ይጠጋ ስለነበር፣ በባንክ የሚያስገባ ሰው እንደ ሞኝ ይቆጠር ነበር። ሕገ ወጥ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ቪዛ ስትጠይቁ ያ ገንዘብ እንዳልነበረ ነው። ሦስት ዓመት ሠርታችሁ፣ ቤት ተከራይታችሁ፣ እህት አስተምራችሁ፣ ቆንስሉ ፊት ግን ሥራ አጥ ናችሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከተወ በኋላ የባንኩ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ድሮ የነበረው ሰበብ በእጅጉ ቀንሷል። ዛሬውኑ ለአሠሪያችሁ የራሳችሁን የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የባንኩን የስዊፍት ኮድ ላኩ። በእያንዳንዱ ዝውውር ባንኩን የክሬዲት አድቫይስ ወረቀት ጠይቁ፤ እሱ ላይ የላኪው ስም፣ ቀኑና በውጭ ምንዛሪ የገባው መጠን ተጽፎ ይገኛል። ይህ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል? የባንክ መግለጫችሁ በብር ብቻ ከሆነ፣ ብሩ ሲወርድ ገቢያችሁ የወረደ ይመስላል፤ ደመወዛችሁ ግን በዶላር ያው ነው። ቢያንስ የስድስት ወር፣ ቢቻል የዓመት ዱካ ይኑራችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለማመልከት ሳምንት ሲቀር ዕቁብ አውጥቶ ወይም ከአጎት ተበድሮ ሒሳብ ውስጥ መክተት የተለመደ ነው። መግለጫውን የሚያነበው ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻውን ድምር አይደለም፤ ገንዘቡ እንዴት እንደተከማቸ ነው። ለአምስት ወር 6,000 ብር ሲንቀሳቀስበት የቆየ ሒሳብ ድንገት ግማሽ ሚሊዮን ቢገባበት ማንንም አያታልልም።

ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ገቢ አልነበረኝም። ይህ ክፍተት ይጎዳኛል?

በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ብዙዎቻችን ባለመስመር ኢንተርኔት ያላቸው ሆቴሎች በር ላይ ተሰልፈን፣ አንዳንዶቻችን አዲስ አበባ ቤት ተከራይተን፣ አንዳንዶቻችን ደንበኞቻችንን አጥተን አልፈነዋል። ስትጠየቁ አትደብቁት። የሥራ ታሪካችሁ ላይ ክፍተቱ ከታየ፣ መቼ እንደጀመረና መቼ ወደ ሥራ እንደተመለሳችሁ በአንድ አንቀጽ አስረዱ። አሠሪያችሁ ያን ጊዜ ውላችሁን ሳያቋርጥ ጠብቋችሁ ከሆነ ደግሞ ያንኑ በደብዳቤ ይጻፍላችሁ፤ ይህ ከማናቸውም ማስረጃ በላይ ያስከብራችኋል።

ቋሚ አሠሪ የለኝም፤ በየጊዜው ከተለያዩ ደንበኞች ሥራ እወስዳለሁ።

ይፈቀዳል፣ ግን ወረቀቱ ይበዛል። ሥራ ከምታገኙበት የኢንተርኔት መድረክ የሚወርደው የገቢ ሪፖርት ይረዳል፤ ብቻውን ግን ውል አይደለም። ቢያንስ ከሁለት ከሦስት ቋሚ ደንበኞች ጋር የተፈረመ ውል ይኑራችሁ። ስፔን ከአሠሪው ወይም ከደንበኛው ጋር ያላችሁ ግንኙነት ሦስት ወር ያለፈው መሆኑን፣ ድርጅቱም ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራ መሆኑን ታያለች፤ በግሉ የሚሠራ ሰው ከስፔን ደንበኞች የሚያገኘው ከአጠቃላይ ሥራው 20 በመቶ እንዳይበልጥም ትከለክላለች። ዲግሪ ወይም የሦስት ዓመት ልምድም ትጠይቃለች።

ተቀጣሪዎች ደግሞ የአሠሪያችሁ ደብዳቤ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር፦ "ሠራተኛው ሥራውን ከየትኛውም አገር ሆኖ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል።" ደመወዝና የሥራ መደብ ተጽፎ ይህ የቀረበት ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ አልቆጥረውም።

ስሜና የልደት ቀኔ በየሰነዱ ይለያያል። ያስቸግራል?

በጣም። በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የአባቴ ስም ጸጋዬ ነው። በዲግሪዬ ላይ በላቲን ፊደል "ቲ" እና "ኤስ" ተብሎ ይጀምርና በ"ኢ" ያልቃል፤ በፓስፖርቴ ላይ የመጨረሻዋ "ኢ" የለችም። የተወለድኩት መስከረም 5 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። የልደት የምስክር ወረቀቴን የተረጎመልኝ ቢሮ ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ 1992 ብሎ ጻፈው። ፓስፖርቴ 1991 ይላል። ፓስፖርቱ ነው ልክ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚደመረው ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው። ተርጓሚው ይህን ረስቶታል፣ እኔም ሳላነብ ፈርሜ ተቀብያለሁ። አዲስ አበባ ደርሼ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ እያሳየችኝ፣ "የትኛው ነህ?" አለችኝ። ፋይሌን ይዤ ተመለስኩ፤ ቀጠሮ እንደገና እስካገኝ ሁለት ወር ሄደ።

ስለዚህ መነሻችሁ ፓስፖርቱ ይሁን። ፓስፖርቱ ግርጌ ያሉትን በምልክት የታጠሩ ሁለት መስመሮች አንብቡ፤ ስማችሁ እዚያ እንደተጻፈ፣ አንድ ፊደል ሳታጎድሉ ፎርሙ ላይ ገልብጡ። የአያታችሁን ስም የት እንደምታስገቡ ስትቸገሩም መልሱ ያው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው። ለተርጓሚው የፓስፖርታችሁን ቅጂ አብራችሁ ስጡት። ዲግሪያችሁ ላይ ያለው አጻጻፍ ከተለየ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሄዳችሁ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢም ተማሩ ፖሊ ግቢ፣ ጠዋት በጊዜ መሄድ ነው።

ሰነዶቼን አፖስቲል አስደርግ እየተባልኩ ነው። የት ይደረጋል?

አፖስቲል ማለት አንድን ሰነድ በስምምነቱ አባል አገሮች ዘንድ የሚያስቀብል ማረጋገጫ ነው። ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት አባል ስላልሆነች እዚህ አፖስቲል የሚሰጥ ቢሮ የለም። "አስደርግላችኋለሁ" የሚል ሰው ካገኛችሁ ሽሹት። የእኛ መንገድ ረጅሙ ነው፦ ሰነዱ በሚመለከተው የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል፣ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያርፍበታል፣ በመጨረሻ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ ያጸድቀዋል። የትምህርት ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ሊያልፍ ይችላል። ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚገልጸው ማስረጃ በጣት አሻራ የሚሰጥ ሲሆን፣ ኤምባሲዎች የሚፈልጉት የፌዴራል ፖሊስን ነው። ይህን ወረቀት መጨረሻ ላይ አውጡ፤ ብዙ አገሮች ከሦስት ወር በላይ የቆየ አይቀበሉም፣ ሌላውን ስታሳድዱ ጊዜው ያልፍበታል።

ባሕር ዳር ላይ ማመልከት ይቻላል?

ፓስፖርት እዚሁ ካለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቅርንጫፍ ይወጣል። ቪዛው ግን አዲስ አበባ ካሉ ኤምባሲዎች ወይም ማመልከቻ ከሚቀበሉላቸው ማዕከሎች ነው። ኤምባሲ እዚህ የሌለው አገርም አለ፤ ያኔ ኬንያ ወይም ግብፅ መሄድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ወጪውን ቀድማችሁ አስቡት። አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ። መንገዱ በአንድ ቀን ሊከፈትም ሊዘጋም ስለሚችል በአውቶብስ የምትሄዱ ከቀጠሮው ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ።

የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰዓት ደግሞ አስተውሉ። "10:00" ማለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት መስሏት ከሰዓት በኋላ ተዘጋጅታ የደረሰች አንዲት እህት አውቃለሁ፤ ከባሕር ዳር ድረስ ሄዳ በሩ ተዘግቶ አገኘችው።

ሁሉንም ጨርሶ የሚሰጠኝ ሰው አለ። ልክፈለው?

ፎርም የሚሞላ፣ የሚተረጉም፣ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ለልፋቱ ቢከፈለው ክፋት የለውም። "ቪዛው እርግጠኛ ነው" የሚል ሰው ግን ውሸታም ነው፤ ውሳኔው የቆንስሉ ብቻ ነው። የውሸት የሥራ ውል ወይም የባንክ መግለጫ የሚያዘጋጅ ደግሞ ከውሸታምም ይከፋል፤ ሲያዝ እሱ ስልኩን ያጠፋል፣ ስሙ የሚበላሸው የእናንተ ነው። የሸንገን አገሮች የአመልካቹን የጣት አሻራና መረጃ እስከ 5 ዓመት በጋራ ቋት ይይዛሉ። በአንዱ ኤምባሲ የተያዘ ሐሰት በሌላው አይጠፋም። እናንተ ደግሞ እውነተኛ ሥራ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። የእናንተን እውነት በእሱ ሐሰት ለምን ትለውጡታላችሁ?

ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

በብዙዎቹ ይቻላል፤ የገቢው መጠን ከፍ ይላል። ስፔን ለመጀመሪያው የቤተሰብ አባል የዝቅተኛውን ደመወዝ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 25 በመቶ ትጨምራለች። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣ መሆን አለበት። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት ብቻ ያላችሁ አስቀድማችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

የጤና መድንስ?

የግድ ነው፤ በምትሄዱበት አገር የሚሠራና ሙሉ ጊዜውን የሚሸፍን ይሁን።

ግብር የምከፍለው ለማን ነው?

በአንድ አገር በዓመት ከ183 ቀን በላይ ከኖራችሁ በአብዛኛው የዚያ አገር ግብር ከፋይ ትሆናላችሁ። የእኛም የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተመሳሳይ የ183 ቀን መለኪያ አለው፤ ቋሚ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ሰው ደግሞ ውጭ ያገኘውም ገቢ ይታሰባል። እዚህ እያላችሁ የግብር መለያ ቁጥር አውጥታችሁ፣ ገቢያችሁን አሳውቃችሁ፣ ክሊራንስ (ግብር መክፈላችሁን የሚያረጋግጥ ወረቀት) ብትይዙ ሁለት ጥቅም አለው፤ ከገቢዎች ጋር ሰላም ትሆናላችሁ፣ ለኤምባሲውም ገቢያችሁን መንግሥት የሚያውቀው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይኖራችኋል።

አሜሪካ፣ እንግሊዝ ወይም ካናዳ እንዲህ ያለ ቪዛ አላቸው?

አሜሪካ የላትም። እንግሊዝና ካናዳ ለጉብኝት የገባ ሰው የውጭ ሥራውን በርቀት እንዲሠራ ይፈቅዳሉ፤ እንግሊዝ ግን የጉዞው ዋና ዓላማ ሥራው መሆን የለበትም ትላለች። ሁለቱም ለመኖሪያነት የታሰቡ አይደሉም።

ብከለከልስ?

ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በብዙ አገሮች መብታችሁ ነው። ስፔን በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይላችሁ እንድትጠይቁ ትፈቅዳለች። ወረቀት ጎድሎ ከሆነ አሟልታችሁ ተመለሱ። ገቢ አንሶ ከሆነ ግን ያንኑ ፋይል ደግሞ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ምን ልጻፍ?

ብዙዎች ስለ አገሪቱ ውበት ሁለት ገጽ ይጽፋሉ። ሌሎች እዚህ ስላለው ችግር ይዘረዝራሉ፤ ያ ደግሞ "ሄዶ አይመለስም" ያሰኛል። ቆንስሉ ማወቅ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ምን ትሠራላችሁ፣ ለማን፣ ስንት ይከፈላችኋል፣ ለምን ያህል ጊዜ መቆየት ትፈልጋላችሁ። አንዲት ጓደኛዬ ደብዳቤዋን እንዲህ ብላ ጀምራ ነበር፦ "በባሕር ዳር ከተማ ነዋሪ ነኝ። ላለፉት አራት ዓመታት ለአንድ የኔዘርላንድ ድርጅት የድረ ገጽ ንድፍ እሠራለሁ። ውሌ፣ የአሥራ ሁለት ወር የባንክ መግለጫዬና የግብር ክሊራንሴ ተያይዘዋል።" ከዚህ ቀጥሎ የምትኖርበትን ከተማና የምትቆይበትን ጊዜ ጻፈች፤ ፈረመች። ግማሽ ገጽ አልሞላም።